አፏን የዘጋች ቮልስ

የመኪና የፊት ክዳን ምን ይባላል ተብለው ቢጠየቁ፣ ውድ አንባብያን፣ «ኮፈን ነዋ» ብለው እንደሚመልሱ አልጠራጠርም። ቃሉ ግን የእኛ አይደለም፤ ጣልያን ጥሎልን የሄደው ነው። ፒንሳውም፣ ካቻቢቴውም፣ ፍሬኑም፣ ካንዴላውም፣ ብሎኑም እንደዚሁ። በአሥመራ በኩል ይግባ በአዲስ አበባ፣ ጣልያን ሲወጣ መንገዱንና ድልድዩን ብቻ ሳይሆን የጋራዡን መዝገበ ቃላት በሙሉ ትቶልን ሄዷል። ልጆቻችን ደግሞ እዚህ አገር «ሁድ» ይሉታል። እንግሊዝ አገር ያሉ ወገኖቻችን ልጆች ያንኑ ነገር «ቦኔት» ይላሉ። እንግዲህ አያት «ኮፈን»፣ የልጅ ልጅ «ሁድ» እየተባባሉ አንድ ያልተከፈተ ክዳን ዙሪያ ሲቆሙ ምን እንደሚመስል ባለፈው መስከረም እዚሁ ኢቶቢኮ፣ ሬክስዴል አካባቢ፣ በአንድ ሐበሻ ጋራዥ ውስጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

ነገሩ የተበጠሰ ሽቦ ነው። ከእርሳስ እርሳሳማ የቀጠነ፣ ዋጋው ለሁለት ሰው ምሳ የማይበቃ ሽቦ። ይሁን እንጂ ይህች ሽቦ አንድ ቤተሰብ አነጋግራ፣ አኳርፋ፣ በመጨረሻም አንዲት ልጅ ከአደጋ አውጥታለችና ታሪኩን መጻፍ ተገቢ መስሎ ታየኝ። አሮጌ መኪና ያላችሁ አንባብያንም ከዚህ የምትወስዱት ነገር አይጠፋም።

መኪናዋ የ1966 ሞዴል ቮልስዋገን ናት። ባለቤቷን ጋሼ እያልኩ እጽፋለሁ፤ ስማቸው እንዳይጠቀስ ጠይቀውኛል። ጋሼ ዘንድሮ ሰማንያ ዓመት ሞላቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ላይ እንደዚህችው ያለች ቮልስ ነበረቻቸው። በቀይ ሽብር ዘመን ቁልፏን ለጎረቤት ሰጥተው በገዳሪፍ በኩል ሱዳን ገቡ፤ ከካርቱም ደግሞ ወደ ካናዳ። አሁን ያለችውን የገዙት በ1998 ነው፣ ኢቶቢኮ ራሷን የቻለች ከተማ መሆኗ ቀርቶ ከቶሮንቶ ጋር በተቀላቀለችበት ዓመት። «ከተማዋ ስትጠፋ እኔ መኪና አገኘሁ» ይላሉ ሲቀልዱ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ትወጣለች። በረዶና ጨው ሳይመጣ ተሸፍና ትተኛለች።

ስለ ቮልስ ለእኛ ትውልድ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሆኖም ወጣቶችም ይህን ጋዜጣ ያነባሉና ጥቂት ልበል። ዓለም «ጥንዚዛ» የሚላት ይህች መኪና የፈርዲናንድ ፖርሽ ሥራ ናት። ፋብሪካው በጦርነቱ ወድሞ ከቆየ በኋላ በ1945 ዳግም ያስነሣው አንድ የእንግሊዝ ጦር መኮንን፣ ሻለቃ አይቫን ኸርስት ነበር። በፌብሩዋሪ 17 ቀን 1972 15,007,034ኛዋ ስትሠራ የአሜሪካኑን የፎርድ ሞዴል ቲ ክብረ ወሰን ሰበረች። የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው በጁላይ 30 ቀን 2003 ሲሆን፣ ቁጥሯም 21,529,464 ነበር። እዚህ ካናዳ ደግሞ የቮልስዋገን ኩባንያ ቶሮንቶ ላይ የተቋቋመው በ1952 ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የተወደደችበት ምክንያት ግን በቁጥር የሚገለጽ አይደለም። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ራዲያተር የላትም፤ ውኃ አትጠጣም። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ፣ በእንጦጦ ዳገት ላይ፣ ሌላው መኪና እንፋሎት እየተፋ መንገድ ዳር ሲቆም እሷ እያጉረመረመች ታልፋለች። መምህሩም ነርሱም የመሥሪያ ቤት ጸሐፊውም የሚደርሱባት መኪና ነበረች። መካኒክ ቢጠፋ ባለቤቷ ራሱ ይፈታታል። እስከ ዛሬም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ አልጠፋችም። ከ2024 ወዲህ ነዳጅ የሚጠጣ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ ደግሞ ያሉት ይበልጥ የሚጠበቁ ሆነዋል።

ደግሞም ቮልስ ከታሪካችን ጋር የተያያዘችበት ሌላ ቀን አለ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ማለት በሴፕቴምበር 12 ቀን 1974፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተወስደው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የሄዱት በሮልስ ሮይስ አልነበረም፤ በቮልስዋገን የኋላ መቀመጫ ነበር። መኪናዋ ባለ ሁለት በር ናትና የኋላው ወንበር ላይ ለመቀመጥ የፊተኛው ወንበር መታጠፍ፣ ሰውም ጎንበስ ማለት አለበት። ሦስት ሺህ ዘመን የተባለለት ዙፋን በዚያች ጠባብ በር ወጣ። ጋሼ ይህን ሲያነሡ ስለ ፖለቲካው አንድም ቃል አይናገሩም። «እኔም ያን ዕለት ቮልስ እየነዳሁ ነበር፤ ሰው ሁሉ ዘወር እያለ ያየኝ ነበር» ብለው ዝም ይላሉ።

ወደ ሽቦዋ ልመለስ።

ጋሼ ሰማንያ ሲሞላቸው አንድ ውሳኔ ወሰኑ። በኦንታሪዮ ሕግ ሰማንያ ዓመት የሞላው ሰው መንጃ ፈቃዱን በየሁለት ዓመቱ ማሳደስ፣ ዓይኑን መመርመርና ከእኩዮቹ ጋር ተቀምጦ ትምህርት መስማት አለበት። ጋሼ ይህን ሁሉ አልፈው ፈቃዱን አገኙ። ነገር ግን ቤታቸው ሲመለሱ «ቮልሷን ለልጅ ልጄ ሰጥቻለሁ» አሉ። ልጅቷ ሃምበር የነርስነት ትምህርት የምትማር የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ናት። ማርሽ መቀያየሩን ያስተማሯት እሳቸው ራሳቸው፣ እሁድ እሁድ ባዶ በሚሆን የፋብሪካ ሜዳ ላይ ነው። አባትየው ግን አልተደሰተም። መኪናዋን በጥሩ ዋጋ የሚገዛ አሮጌ መኪና ሰብሳቢ አግኝቶ ነበር። «ቀበቶዋ ደካማ፣ ኤርባግ የሌላት የስድሳ ዓመት መኪና ለልጄ አትሰጥም» የሚለው ክርክሩም እንዲሁ የሚጣል አይደለም። እኔ አባት ብሆን እኔም እንደሱ እል ይሆናል።

በአያትና በልጅ ልጅ መካከል የሚደረግ የመኪና ስጦታ በኦንታሪዮ የሽያጭ ታክስ አይከፈልበትም፤ የቃል መሐላ ወረቀት መፈረም ብቻ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ለሆነው መኪና የሚሰጥ የታሪካዊ መኪና ታርጋም አለ። ያ ታርጋ ግን ለሰልፍ፣ ለትርዒትና ለጉብኝት እንጂ በየቀኑ ትምህርት ቤት ለመመላለስ አይሆንም። ስለዚህ መደበኛው ታርጋ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ የደኅንነት ምርመራ ወረቀት። ወረቀቱ ከምርመራው ቀን ጀምሮ የሚያገለግለው ለ36 ቀን ብቻ ነው። ጋሼ ጥቅምት ሳይገባ ሁሉም እንዲያልቅ ፈልገዋል።

ለምርመራው ሊወስዷት ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ነዳጅ ሊሞሉ ማደያ ቆሙ። ከዳሽቦርዱ ሥር በሹፌሩ ግራ ያለውን የኮፈን መክፈቻ ሳቡት። እንደ ወትሮው «ጧ» አላለም። እጀታው ከነሽቦው እጃቸው ላይ ተከተላቸው።

የዛሬ መኪና ብቻ የሚያውቅ ሰው «ታዲያ ምን ችግር አለው፤ ሞተሩ እንደሆነ ከኋላ ነው» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ ባትሪውም ከኋላ ወንበር ሥር ነው። መኪናዋ ትነሣለች፣ ትሄዳለች። ነገር ግን እስከ 1967 ሞዴል ድረስ በተሠሩት ቮልሶች የነዳጁ መሙያ አፍ ያለው ከፊት ኮፈኑ ሥር ነው። ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ነው መሙያው በስተ ውጭ፣ በቀኝ በኩል ባለች ትንሽ ክዳን የተሠራው። ስለዚህ የጋሼ ቮልስ አፏን ዘጋች ማለት ቀልድ አይደለም፤ መብላት አትችልም። ስኮርታ ጎማውም፣ የፍሬን ዘይቱ ዕቃም እዚያው ኮፈኑ ውስጥ ነው። በሰልባቲዮው ውስጥ የቀረው ነዳጅ ቤት አድርሶ ምናልባት ጋራዥ የሚያደርስ ነበር። መርማሪው ደግሞ በስልክ ሲጠየቅ «ያልተከፈተ ኮፈን ውስጥ ያለውን ፍሬን አልፈርምበትም» አለ። ልክ ነው።

እንግዲህ አሠራሩን ልንገራችሁ። ከእጀታው የሚነሣው ሽቦ፣ በጋራዥ ቋንቋ ካቦው፣ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ተሰክቶ በሻንጣ መጫኛው ግራ በኩል ይሄድና ከኮፈኑ አፍንጫ ሥር ያለው የፊት ላሜራ ላይ ካለ መቆለፊያ ይደርሳል። መቆለፊያው ውስጥ አንዲት ተንሸራታች ብረት አለች፤ ሞላ ወደ ዝግ በኩል ይይዛታል። ከኮፈኑ ሆድ የወረደው ሹል ብረት እዚያ ገብቶ ይነከሳል። ካቦው ሲሳብ ተንሸራታቿ ትሸሻለች፣ ሹሉ ይለቀቃል፣ ኮፈኑ በሞላ ኃይል ብድግ ይላል። ከዚያ ጣት አስገብቶ ሁለተኛውን መንጠቆ መልቀቅ ነው። ካቦው መቆለፊያው ላይ የሚያዘው በአንዲት ትንሽ ብሎን ተጠብቆ ነው። ውኃም፣ ጭቃም፣ የቶሮንቶ ጨውም የሚያገኘው ያችን ጫፍ ነው።

ካቦ ሲበጠስ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የት ላይ ነው?» ነው። መልሱ በእጅዎ ነው። እጀታውን ቀስ ብለው ሲስቡ የወጣው ሽቦ አጭር ከሆነ የተበጠሰው እዚያው እጀታው አጠገብ ነው፤ ይህ የእድለኛ ሰው ብልሽት ነው። የቀረውን ጫፍ ወደ ቱቦው ሳይገባ በፒንሳ ነክሶ መሳብ ነው፣ ኮፈኑ ይከፈታል። ረዥም ሽቦ ከወጣ ግን የተበጠሰው መቆለፊያው ዘንድ ነው። የጋሼ ሽቦ ከቱቦው ሊያልቅ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ወጣ፤ ጫፉም በዝገት ተበልቶ እንደ መርፌ ቀጥኖ ነበር።

ጋራዡ ስንሰበሰብ የሐሳብ እጥረት አልነበረም። ሐበሻ የቆመ መኪና ሲያይ ሁሉም መካኒክ ነው። አንዱ ኮፈኑን በመዳፍ እየመታ ይከፈታል አለ፤ ሹሉ ዝጎ የተጣበቀ ቢሆን ይህ ይሠራ ነበር፣ የኛ ግን የያዘው ሞላው ነው። ሌላው በቱቦው ውስጥ ወፍራም የብየዳ ሽቦ እንላክና እንግፋው አለ። ጋሼ ሣቁ። «ካቦ ይስባል እንጂ አይገፋም። በቱቦው ብትገፋት ይበልጥ ትቆልፋታለህ» አሉት። የጓንት ሳጥኑ ካርቶን ነው፣ እሱን አውጥቶ እጅ ማስገባት ይቻላል ያለም ነበር። ከዚያ እስከ አፍንጫዋ የሚደርስ ክንድ ግን የማንም ሰው ክንድ አይደለም፤ መካከል ላይ ሰልባቲዮውና ስኮርታው ተጋድመዋል።

የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ከኮፈኑ አፍንጫ ሥር ያለውን የፊት ላሜራ በስቶ፣ በቀዳዳው ካቻቢቴ አስገብቶ ተንሸራታቿን በቀጥታ መግፋት። ቮልስ ያላቸው ሰዎች በየአገሩ ሲቸግራቸው የሚያደርጉት ነው።

እዚህ ላይ ነው አባትየው የመጣው። «አባዬ፣ ያልተበሳ፣ ያልተበየደ ገላ ነው ብዬ ነው ዋጋ የተነጋገርኩት። አንድ ቀዳዳ ማለት ብዙ ብር ማለት ነው» አለ። ጋሼ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ጉልበታቸው መጎንበስ አይችልም። ቶሎ አልመለሱም።

«ልጄ፣ ላሜራ ነው እንጂ ቆዳ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ደግሞ የሷ መኪና ናት። እሷን ጠይቃት።»

ልጅቷ አባቷን አየች፣ ከዚያም አያቷን። «አባባ፣ እርስዎ ከነገሩኝ እኔ ራሴ እበሳዋለሁ» አለች። ባለ ጋራዡ ቅር ሳይለው አልቀረም፤ ነገር ግን ትራፓኖውን አውጥቶ ሰጣት። ጋሼ ወዲያው «የኤሌክትሪኩን መልሰው!» ብለው ጮኹ። ምክንያቱን ስትሰሙ ትስማማላችሁ። ከላሜራው በስተ ጀርባ ስኮርታው አለ፤ ከስኮርታው በስተ ጀርባ ሰልባቲዮ አለ። ሰልባቲዮ ደግሞ ሙሉ ከሆነ ይልቅ ሊያልቅ ሲቃረብ ነው የሚያስፈራው፤ ባዶው ቦታ በነዳጅ ትነት የተሞላ ነውና። የኤሌክትሪክ ትራፓኖ ብልጭታ ይተፋል። ስለዚህ በእጅ የሚዞር አሮጌ ትራፓኖ ተፈለገ፤ የባትሪው ገመድ ተፈታ፤ የጋራዡ በር ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ሲጋራ ያጨስ የነበረው ወዳጃችንም እስከ መንገዱ ማዶ ተባረረ።

የት ይበሳ የሚለውም በግምት አልተደረገም። ባለ ጋራዡ የሚያውቀው ተመሳሳይ ሞዴል ያለው አንድ ፖርቱጋላዊ ሌክሾር አካባቢ ነበር። ልጅቷና እኔ ሄደን የሱን ኮፈን ከፍተን፣ መቆለፊያው ከመካከለኛው መሥመር ምን ያህል እንደሚርቅና ከጠርዙ ምን ያህል እንደሚወርድ ለካን፤ በፒዛ ካርቶን ላይ ሥዕሉን ቆረጥን። ያን ካርቶን ጋሼ ላሜራው ላይ ሲለጥፉት እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሱን እሷ አጠበቀችው። የመብሻውን ብረት ጫፉ ብቻ ሲቀር በወፍራም ፕላስተር ጠቀለለችው፣ ላሜራውን አልፎ ጎማው ውስጥ እንዳይዘልቅ። መጀመሪያ ቀጭን፣ ቀጥሎ ካቻቢቴ የሚያሳልፍ ወፍራም።

ከዚያ ቋንቋው ተጀመረ። «ካቻቢቴ!» ይላሉ ጋሼ፤ ልጅቷ ወደኔ ታያለች፤ እኔ እጠቁማታለሁ። «ፒንሳ!» «ሞላውን አትፍሪው!» እሷ ደግሞ «ሰልባቲዮ» የሚለውን ቃል እየደጋገመች ትስቃለች። በሃያ ደቂቃ ውስጥ አንድ የጣልያን ጋራዥ ቃላት ሁሉ ተማረች፤ ሁሉንም አማርኛ ነው ብላ። እኔም አላረምኳትም፤ አማርኛ ሆነዋላ።

ካቻቢቴው ገባ። ሁለት ጊዜ አዳለጠ። በሦስተኛው ወደ ጎን ስትገፋ ያ «ጧ» ተሰማ፣ ኮፈኑም አንድ ጣት ያህል ብድግ አለ። ጭብጨባው የሠርግ ነበር።

ጭብጨባው ግን ብዙ አልቆየም። ልጅቷ ባትሪ መብራቱን ወደ ውስጥ ስታበራ ጋሼ «የፍሬን ዘይቱን እይልኝ» አሏት። የፍሬን ዘይቱ ዕቃ ከስኮርታው ጀርባ ያለች ትንሽ ዕቃ ናት። ባዶ ልትሆን ጥቂት ቀርቷታል። ባለ ጋራዡ መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ ጎማዎቹን ሲፈታ የኋላ ግራው ጎማ ሲሊንደር ዘይት ሲያንጠባጥብ ተገኘ። የ1966 ቮልስ ፍሬን ደግሞ አንድ መሥመር ብቻ ነው፤ የዛሬ መኪናዎች ሁለት አላቸው፣ አንዱ ቢያፈስ ሁለተኛው ያቆማል። የጋሼዋ ግን ዘይቱ ካለቀ አራቱም ጎማ በአንድ ጊዜ ፍሬን ያጣል። ያች ልጅ በማግሥቱ በዚያች መኪና በሀይዌይ 427 ልትሄድ ነበር። የሚነገር አልነበረም፤ ሁላችንም ዝም አልን። አባትየው ወደ ውጭ ወጣ፤ ሲመለስ ስለ ሰብሳቢውም ስለ ቀዳዳውም አንድም ቃል አላነሣም። እጅጌውን ሰብስቦ ጎማ መያዝ ጀመረ።

የፍሬኑ ሥራ ሁለት ቀን ፈጀ፤ እሱን ለባለሙያ ነው የተውነው፤ በፍሬን ላይ መለማመድ የለም። ካቦው ግን የልጅቷ ሥራ ሆነ። እንዲህ ነው የተሠራው። አሮጌው ሽቦ ከወጣ በኋላ ቱቦው ውስጥ ዝገት ቀርቶ ነበርና በቀጭን ሽቦና በዘይት ደጋግማ ጠረገችው። አዲሱን ካቦ እየጎተተች በግራሶ ቀባችው። ከሹፌሩ ወገን አስገብታ ወደ ፊት ላከችው፤ መሐል ላይ አንድ ጊዜ ተያዘ፣ ጋሼ «አትግፊው፣ አዙሪው» አሏት፤ አዞረችው፣ አለፈ። መቆለፊያውን በቤንዚን ሳይሆን በማጽጃ ዘይት አጠበች። ካቦውን በብሎኗ ከማጥበቋ በፊት እጀታው ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው መመለሱን አየች። ካቦው ውጥረት ቢኖርበት ተንሸራታቿ በግማሽ ተከፍታ ትቀራለች፤ ያኔ ኮፈኑ የተዘጋ ይመስላል እንጂ አልተዘጋም።

አሁን አደራ የምለው ነገር ይህ ነው፦ ኮፈኑን ለመሞከር ብላችሁ እንዳትዘጉ። ልጅቷ ኮፈኑ ክፍት እንዳለ ካቻቢቴ መቆለፊያው ውስጥ ከተተች፣ እንደ ሹሉ ተነከሰ፤ አባቷ እጀታውን ሳበ፣ ተለቀቀ። ይህን አሥር ጊዜ ያህል ደገሙት። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው የተዘጋው። ብዙ ሰው አዲስ ካቦ አስገብቶ በደስታ ዘግቶ እንደገና ሲበሳ ተገኝቷል ይላሉ ጋሼ።

ሁለተኛውንም መንጠቆ ችላ አትበሉ። የቮልስ ኮፈን ማጠፊያው ከመስተዋቱ ሥር ነው፣ የሚከፈተው ከአፍንጫው በኩል ነው። በጉዞ ላይ ቢለቀቅ ነፋሱ ገልብጦ መስተዋቱ ላይ ያነጥፈዋል። ይህ በቮልስ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም።

ታክሲ የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች ቮልስ የለንም ብላችሁ ገጹን እንዳታጥፉት። በኮሮላውም በካምሪውም ካቦ አለ፣ ይዝጋል፣ ይበጠሳል፤ በተለይ ከበረዶ በኋላ። መጀመሪያ አንድ ሰው እጀታውን ስቦ ይያዝ፣ ሌላው የኮፈኑን አፍንጫ በመዳፉ ወደ ታች ተጭኖ ይልቀቅ፤ አብዛኛውን ጊዜ ካቦው ላልቶ እንጂ ተበጥሶ አይደለምና ይከፈታል። እጀታው ፕላስቲክ ሆኖ እሱ ብቻ ከተሰበረ የሽቦውን ጫፍ በፒንሳ መሳብ ይበቃል። ካቦው ጨርሶ ከተበጠሰ ከፊት ፍርግርጉ በኩል ወይም ከሥር፣ ረዥም ካቻቢቴ ይዞ መቆለፊያውን መፈለግ ነው። ያም ቢሆን ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ቁልፉ ወጥቶ ይሁን፤ ማራገቢያው በራሱ የሚነሣ መኪና ብዙ ነው፣ ጣት አይለይም። ከሥር ስትገቡም በክሪክ ብቻ አትተማመኑ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በረዶው ሳይመጣና ከሄደ በኋላ፣ መቆለፊያው ላይ ጠብታ ግራሶ ማድረግ ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀራል።

ቀዳዳውስ? ጠርዙ በሞረድ ተስተካክሎ፣ ፀረ ዝገት ቀለም ተቀብቶ፣ በጎማ ውታፍ ተዘጋ። በኦንታሪዮ ከፊትም ታርጋ ግዴታ ነውና ከባምፐሩ ላይ የተሰቀለው ታርጋ አብዛኛውን ሸፈነው። አጎንብሶ የማይፈልግ አያየውም። ሰብሳቢው በኋላ ደውሎ «አሁንም ያልተበሳች ናት?» ሲል አባትየው «አይደለችም፣ ልጄ በስታታለች» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ምርመራው በሁለተኛው ሳምንት አለፈ። መርማሪው ኮፈኑን ራሱ ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። ወረቀቱ ተፈረመ፣ ታርጋውም በልጅቷ ስም ሆነ። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ቮልሷ ተሸፍና ተኛች። ልጅቷ በክረምት በአውቶቡስ ነው የምትሄደው፤ ከአባቷ ጋር የተስማሙበት ውል ነው። በመኪናዋ ላይ ወገብ ብቻ ሳይሆን ትከሻም የሚይዝ ቀበቶ እንዲገባ እሱ ራሱ ገንዘብ አወጣ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ጋሼ ከመለያየታችን በፊት ልጅቷን ጠርተው ከመቆለፊያው ላይ ሌላ ቀጭን ሽቦ እንድታስር አደረጓት፤ ካቦው ነገ ቢበጠስ ከውጭ የሚሳብ፣ ለዓይን የማይታይ። አሮጌ ቮልስ ያለው ሁሉ ኮፈኑ ክፍት ሳለ ይህን ቢያደርግ ትራፓኖ ባላስፈለገ ነበር። ሽቦዋ በየት በኩል እንደምትወጣ አይቻለሁ፤ እዚህ ግን አልጽፈውም። ሌባም ጋዜጣ ያነባል ብለውኛል ጋሼ።